ወደ ፍጥሞ የምትሄዱ ከሆነ

በሬዲዮ ያስተላለፍነውን ይህን ትምህርት በጽሑፍ እንድናወጣው የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ፤ እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን አንዳንዶቻችሁ ለዕረፍት ግሪክ ትሄዳላችሁ። አገር ቤት ያለነው ደግሞ በሐሳባችን እንሄዳለን፤ ለሐሳብ ቪዛ የሚከለክል የለም። የዛሬው ጉዟችን ወደ ፍጥሞ ደሴት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስሟ የተጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 1 ቁጥር 9 ላይ። በዚያች አንዲት ቁጥር ምክንያት ግን ሰው ሁሉ ያውቃታል። ወይም የሚያውቃት ይመስለዋል። ብዙዎቻችን በመድረክ ላይ የምንሰብካት ፍጥሞና ታሪክ የሚያውቃት ፍጥሞ ለየቅል ናቸው። ልዩነቱ ደግሞ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ ለእናንተ፣ በተለይ ከሰው ተለይታችሁ ለምትኖሩት፣ የሚናገረው ነገር አለ።

ጉዞውን እንጀምር። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የአቴና ወደብ ከሆነው ከፒሬዎስ መርከብ ትሳፈራላችሁ፤ ሰዓታት የሚፈጅ የባሕር ጉዞ ነው። ደሴቷ ትንሽ ናት፣ 34 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አምስት ጊዜ ትገባለች ማለት ነው። ነዋሪዋ 3,000 ቢሆን ነው። ወደቧ ስካላ ይባላል፤ ምግብ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ የጀልባ ኪራዩ ሁሉ እዚያ ነው። ከወደቡ በላይ ኮረብታው ጫፍ ላይ ኖራ የተቀባች ነጭ መንደር ትታያለች፤ ኮራ ይሏታል። በመንደሯ መካከል እንደ ምሽግ የታጠረ ጥቁር ግራጫ ገዳም ቆሟል። ከስካላ ወደ ኮራ ስትወጡ መንገዱ አጋማሽ ላይ ዋሻው ይገኛል። ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ነው የሚባለው ዋሻ ማለት ነው።

ትልልቅ የቱሪስት መርከቦች በበጋ ይመጣሉ፣ ለጥቂት ሰዓት ይቆማሉ፣ ሕዝቡን በአውቶቡስ ያወጡታል፣ ያወርዱታል። ዋሻው ውስጥ ትገቡና አስጎብኚው ያሳያችኋል፤ ይህ ሐዋርያው ራሱን ያስደገፈበት ጎድጓዳ ነው፣ ዙሪያው በብር ተከቧል። ይህ ደግሞ ሲነሣ በእጁ የተደገፈበት ነው። ወደ ላይ ስታዩ ዓለቱ በሦስት ተሰንጥቋል፤ ድምፁ ሲሰማ ነው የተሰነጠቀው፣ ሦስትነቱም የሥላሴ ምልክት ነው ይላሉ። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ፣ ዮሐንስ ቆሞ ሲያጽፈው የሚያሳይ ሥዕልም ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁማችሁ። ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም። ጵሮኮሮስ በሐዋርያት ሥራ 6 ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል፤ በፍጥሞ የዮሐንስ ጸሐፊ ነበር የሚለው ግን ከዮሐንስ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በእርሱ ስም ከተጻፈ የአዋልድ መጽሐፍ የመጣ ነው። ዮሐንስ ስለ ዋሻ አንዲት ቃል አልጻፈም። በጌታ ቀን በመንፈስ እንደ ነበረ፣ ከኋላውም እንደ መለከት ያለ ትልቅ ድምፅ እንደ ሰማ ነው የነገረን። ዋሻ ውስጥ ይሁን፣ ባሕር ዳር ይሁን፣ የተከራየው ክፍል ውስጥ ይሁን አላስፈለገውም። እኛ ወንጌላውያን ድንጋይ አንሳለምም። ይሁን እንጂ እዚያ ሄዳችሁ በሚሳለሙት ላይ አትሳቁ። ቆይተን እንደምናየው ለዚያ ገዳም መነኮሳት ባለ ዕዳዎች ነን።

ደግሞ ስሕተት የእነርሱ ብቻ አይደለም። እስቲ የራሳችንን መድረክ እንፈትሽ። ፍጥሞን ስንሰብክ ምን እንላለን? ሰው የማይኖርባት፣ ሣር የማይበቅልባት፣ አውሬ የሞላባት ጠፍ ደሴት፤ ዮሐንስ በሰንሰለት ታስሮ ድንጋይ የሚፈልጥባት የሞት ካምፕ። ጉባኤው ያለቅሳል፣ ሃሌሉያ ይላል። ግን እንዲያ ነበረች ወይ?

አልነበረችም። በዮሐንስ ዘመን ፍጥሞ ሰው የሚኖርባት ደሴት ነበረች። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች አስጠርቶ በእንባ የተሰናበተባት ሚሊጢን ትዝ ትላችኋለች፣ የሐዋርያት ሥራ 20። ፍጥሞ የዚያች ከተማ ግዛት ነበረች። ሚሊጢን በባሕር በኩል እንዲጠብቋት ወታደርና ሹም ታኖርባቸው ከነበሩት ደሴቶች አንዷ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ በደሴቷ ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ጂምናዚየም እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከዮሐንስ በኋላ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ሌላ ድንጋይ ደግሞ የአርጤምስን ካህን፣ ቬራ የተባለችን ሴት፣ ያወድሳል። አርጤምስ! ያው ኤፌሶን ላይ ጳውሎስን ያስጮኸችበት አርጤምስ። የዛሬው ገዳም የቆመውም የእርሷ ቤተ መቅደስ በነበረበት ቦታ ላይ ነው ተብሎ ይታመናል።

ስለ ድንጋይ መፍለጡ ደግሞ፣ ይህን የጻፈልን በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረው ቪክቶሪኖስ ነው፤ በላቲን ቋንቋ የራእይን መጽሐፍ ከተረጎሙት ሁሉ ሥራው ከደረሰልን የመጀመሪያው እርሱ ነው። ዮሐንስ በማዕድን ሥራ ተፈርዶበት ነበር ይላል። ነገር ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ምስክርነት ነው፤ በፍጥሞም ለዚህ ማስረጃ የሚሆን የማዕድን ጉድጓድ አልተገኘም።

ታዲያ ቅጣቱ ምን ነበር? የሮም ሕግ ሰውን ወደ ደሴት የሚልክበት ሁለት መንገድ ነበረው። ከባዱ ዴፖርታቲዮ ይባላል፤ ዜግነት ይገፈፋል፣ ንብረት ይወረሳል፣ የሚፈርደውም ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ቀለል ያለው ሬሌጋቲዮ ነው። ሰውየው ከአገሩ ይወጣል፣ በተባለው ቦታ ይቀመጣል፣ ከዚያ መውጣት ግን አይችልም። ይህን የአውራጃው ገዥ ራሱ ሊፈርደው ይችላል፤ በግዛቱ ውስጥ ደሴት እስካለች ድረስ። የላቲን አባት የሆነው ተርቱሊያኖስ የሕግ ቃል በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለ ዮሐንስ ሲጽፍ የተጠቀመው ይህንኑ ሁለተኛውን ቃል ነው። የእኛ አያቶች ይህን ነገር ያውቁታል፤ ግዞት ይሉታል። በድሮ ጊዜ ሹም ሲያስቀይም ራቅ ወዳለ አውራጃ ይላክ አልነበር? ቤት ይሰጠዋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ግን ከዚያ ንቅንቅ የለም። እግር ብረት ሳይኖርበት የታሰረ ሰው ነው።

በዚያው ባሕር ላይ እውነተኛ የሞት ደሴት ካስፈለጋችሁ ጊያሮስ የምትባል አለች። ውኃ ስለሌላት ጨካኙ ጢባርዮስ ቄሣር እንኳ አንድን ሰው ወደዚያ መላክ ከበደው ብሎ ታሲተስ ጽፏል። በእኛው ዘመን የግሪክ መንግሥት ፖለቲከኞችን ያጎረባት ያችኑ ደሴት ነው። ፍጥሞ ግን እንዲህ አልነበረችም።

አንዳንዱ ሰባኪ፣ «እንዲያማ ከሆነ የዮሐንስ መከራ ቀለለ» ይል ይሆናል። እኔ እንደዚያ አላይም። ሰውየው ሽማግሌ ነው። መንጋው ያለው በኤፌሶንና በዙሪያዋ ነው። ከፍጥሞ እስከ ኤፌሶን ቀጥታ ቢለካ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ካለው ብዙም አይርቅም። ሰማዩ በጠራ ቀን ከደሴቷ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብታዩ የሳሞን ተራሮች ይታያሉ፤ ከእነርሱ ማዶ የእስያ ምድር ነው። ያ ነው ቅጣቱ። ሊያየው የተቃረበው፣ ሊደርስበት ግን የማይችለው። በአጠገቡ ሰዎች ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ለአርጤምስ ይሠዋሉ፤ ከእርሱ ጋር ጌታን የሚያመልክ ግን አልጠቀሰልንም። የጌታ ቀን ሲመጣ ወንድሞች ኤፌሶን ላይ እንጀራ ሲቆርሱ እርሱ ባሕሩን ያያል።

ወገኖቼ፣ በሪያድ በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ ይህን ታውቂዋለሽ። ዓርብ ዕለት ስልክሽን ደብቀሽ መዝሙር የምታዳምጪ፣ በረሃብ ሳይሆን በሰው እጦት የምትከሺ። ማንም አልገረፈሽም ይሆናል። በልተሽ ታድሪያለሽ። ግን መሄድ አትችይም። ስለዚህ ፍጥሞን የአውሬ ደሴት አድርገን ስንሰብክ የአንቺን መከራ ከመጽሐፉ ውስጥ እናወጣዋለን። ዮሐንስ በዚያች ቁጥር ራሱን ምን ብሎ እንዳስተዋወቀ ልብ በሉ። ሐዋርያ ነኝ አላለም፤ ለአንባቢዎቹ ወንድማቸው እንደሆነ፣ በመከራውም በመንግሥቱም በትዕግሥቱም አብሯቸው የሚካፈል እንደሆነ ነው የጻፈው። የደርግ ዘመን አማኞች ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ በየቤቱ በር ቆልፈው ይህን መጽሐፍ ሲያነቡት የወንድም ደብዳቤ ሆኖ ያገኙት ለዚህ ነው።

ባሕር የሚለው ቃል በራእይ መጽሐፍ ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ ይመጣል። አውሬው የሚወጣው ከባሕር ነው። በመጨረሻ፣ በምዕራፍ 21 መግቢያ፣ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ሲያይ ወዲያው የጠቀሰው ባሕር ከእንግዲህ እንደሌለ ነው። የነገረ መለኮት መምህራን ይህን ብዙ ያብራሩታል፤ የክፉ ኃይል ምሳሌ ነው ይላሉ፣ ትክክል ነው። እኔ ግን ደሴት ላይ የተቀመጠ ሰው የጻፈው መሆኑን አልረሳም።

የላከው ማን ነው? ሄሬኔዎስ በ180 ገደማ ሲጽፍ ራእዩ የታየው በዶሚጥያኖስ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ነው ይላል። ይህ ሰው ቃሉ ይታመናል፤ በልጅነቱ በሰምርኔስ ፖሊካርጶስን አይቷል፣ ፖሊካርጶስ ደግሞ ዮሐንስን አይቷል። ዶሚጥያኖስ ከ81 እስከ 96 የገዛ የሮም ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ጌታና አምላክ ተብሎ መጠራት ይወድ እንደ ነበር የሮም ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ ጽፏል። በ89 ወይም በ90 ኤፌሶን ላይ ለእርሱና ለቤተ ሰቡ ትልቅ ቤተ መቅደስ ተመረቀ። ዛሬ ቱርክ ብትሄዱ የቤተ መቅደሱን ፍርስራሽ፣ በሙዚየም ደግሞ የግዙፉን ሐውልት ጭንቅላትና ክንድ ታያላችሁ። አስቡት፤ ዮሐንስ ኢየሱስ ጌታ ነው እያለ የሚያገለግልባት ከተማ ሌላ ጌታ አቆመች። በመስከረም 96 ዶሚጥያኖስ በገዛ ቤተ መንግሥቱ ተገደለ። የሮም ሸንጎ ስሙ ከየድንጋዩ እንዲፋቅ ወሰነ፤ በኤፌሶንም ስሙ በመሮ ተፍቋል። የግዞተኛው ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ በእጃችሁ ነው።

ደብዳቤው እንዴት ተሻገረ? ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት በካርታ ላይ በቅደም ተከተል አገናኟቸው። ከኤፌሶን ወደ ሰሜን ሰምርኔስ፣ ከዚያ ጴርጋሞን፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ ትያጥሮን፣ ሰርዴስ፣ ፊልድልፍያ፣ ሎዶቅያ። ዊልያም ራምሴ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሊቅ በ1904 ባወጣው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ አንድ መልእክተኛ ከመርከብ ወርዶ በጊዜው አውራ መንገድ ቢጓዝ የሚደርስባቸው በዚሁ ተራ ነው። ማለትም አንድ ሰው፣ ስሙን የማናውቀው፣ ይህን ጥቅልል ብብቱ ሥር ይዞ ባሕሩን ተሻገረ። ዮሐንስ መውጣት አይችልም፤ የጻፈው ግን ወጣ።

አሁን ስለ ዕዳችን። በሰባተኛውና በስምንተኛው ክፍለ ዘመን በባሕር ወራሪዎች ምክንያት ፍጥሞ ባዶዋን ቀረች። ሰባኪዎች የሚሏት ጠፍ ደሴት የሆነችው ያኔ ነው እንጂ በዮሐንስ ጊዜ አይደለም! በ1088 ክሪስቶዱሎስ የሚባል መነኩሴ ደሴቷን ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ከአሌክሲዮስ ኮምኔኖስ በወርቅ ማኅተም ደብዳቤ ተረከበ፤ ደብዳቤው ዛሬም ገዳሙ ውስጥ አለ። ግንቡን የጀመረው እርሱ ነው። የገዳሙ ቤተ መጻሕፍት ከ1,000 በላይ የብራናና የእጅ ጽሑፎች ይዟል። ከእነርሱ መካከል በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል 33 ቅጠሎች አሉ። ገዳሙን ስትጎበኙ ዋሻው ጋ ካሳለፋችሁት ጊዜ የበለጠ እዚያ ቁሙ ባይ ነኝ። በጣና ደሴቶች ላይ ብራና ሸሽገው ያቆዩልን አባቶች ያሉን ሰዎች ይህን ሥራ ማድነቅ አያቅተንም። ዩኔስኮ በ1999 ገዳሙን፣ ዋሻውንና ኮራን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በመንገዴ ልጨምር፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ስለሚመለከት። ኢጣሊያ ፍጥሞንና በዙሪያዋ ያሉትን ደሴቶች በ1912 ይዛ እስከ 1943 ገዝታለች። አዲስ አበባ ላይ ባንዲራዋን በሰቀለችበት ዘመን የፍጥሞ ልጆችም በኢጣሊያ ሹም ሥር ነበሩ። በየካቲት 1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ላይ ኢጣሊያ ደሴቶቹን ለግሪክ ለቀቀች፤ በዚያው ውል የኢትዮጵያን ነጻነትና ሉዓላዊነት ለማክበር ፈረመች። ሁለታችን በአንድ ወረቀት ላይ አለን።

ዛሬ በፍጥሞና በኤፌሶን መካከል የሁለት መንግሥታት ድንበር አለ። በ2015 ዓመት ብቻ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች ከቱርክ ዳርቻ በጎማ ጀልባ ወደ ግሪክ ደሴቶች ተሻገሩ፤ ብዙዎችም ሰጠሙ። ስካላ ላይ ተቀምጣችሁ አሣ ስትበሉ ያ ውብ ሰማያዊ ውኃ ይኸው መሆኑን አትርሱ።

ስለ ዮሐንስ መመለስ ልንገራችሁና ላብቃ። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ከፍጥሞ ወደ ኤፌሶን ተመለሰ። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ገደማ፣ ከዚህ ጋር አያይዞ አንድ ታሪክ ጽፎልናል፤ አውሳብዮስም ደግሞታል። መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም፤ ግን ስሙት።

ዮሐንስ በአካባቢው ባለች ከተማ አንድ ብርቱ ወጣት አየና ለከተማው ጳጳስ በአደራ ሰጠው። ጳጳሱ አሳደገው፣ አስተማረው፣ አጠመቀው። ካጠመቀው በኋላ ግን ጥበቃውን አላላ፤ ጥምቀቱ ይበቃዋል ብሎ አሰበ። ልጁን ሥራ ፈት ጓደኞች ያዙት፤ ቀስ በቀስ ሽፍታ ሆነ፣ ከዚያም የሽፍቶች አለቃ። ዮሐንስ በሌላ ጉዳይ ወደ ከተማዋ ሲመጣ ጳጳሱን አደራውን እንዲመልስ ጠየቀው። ጳጳሱ ገንዘብ የተባለ መስሎት ግራ ገባው። ዮሐንስ ልጁን ማለቱ ነው። ጳጳሱ እያለቀሰ ልጁ እንደሞተ ነገረው። በምን ሞተ? ለእግዚአብሔር ሞተ፣ አሁን ተራራው ላይ ነው።

ሽማግሌው ልብሱን ቀደደ። ፈረስና መንገድ መሪ አስመጣ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተነሥቶ ጋለበ። የሽፍቶቹ ዘብ ያዘው፤ አልሸሸም፣ ይልቅ አለቃችሁ ዘንድ ውሰዱኝ አለ። አለቃው መሣሪያውን እንደታጠቀ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዮሐንስ መሆኑን ሲያውቅ አፍሮ ሮጠ። ያ ሽማግሌ፣ ዕድሜውን ረስቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ እየተከተለ ልጄ እያለ ይጣራል፤ ከማይታጠቅ ሽማግሌ አባትህ ለምን ትሸሻለህ እያለ። ልጁ ቆመ። መሬት መሬት አየ። መሣሪያውን ጣለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀሰ፤ ቀኝ እጁን ግን ደበቀ፣ ደም ያፈሰሰችውን። ዮሐንስ ያችን ቀኝ እጅ ይዞ ሳማት። ወደ ጉባኤው መልሶ አመጣው፣ ከእርሱ ጋር ጾመ፣ ጸለየ፣ ወደ ማኅበሩ እስኪመልሰው ድረስም ከዚያች ከተማ አልወጣም።

ቀሌምንጦስ የከተማዋን ስም አልጻፈልንም።